«ቲቸር፣ ሁሉንም መርጬ ላስኪደው?»

ባለፈው ሳምንት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የድሮ ተማሪዬ የኮምፒዩተሩን ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከደንበኛ የመጣለት የፕላስቲክ ሞልድ ፋይል ነው። 1,340 ሰርፌስ አለው። ሁሉም አንድ ሌቭል ላይ ተከምረዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ከፎቶው ስር «ቲቸር፣ እነዚህን በምን በምን ነው የምከፍላቸው? ወይስ ሁሉንም መርጬ ላስኪደው?» ይላል።

«እንዳታስኪደው። ጠዋት ደውልልኝ» ብዬ ተኛሁ። ተኛሁ ልበል እንጂ እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ደወለ። አከፋፈሉን ማስረዳት ስጀምር አቋረጠኝና «ግን ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ኤአይ ባለበት ዘመን ሶፍትዌሩ ራሱ ለምን አይለያቸውም? ይሄ እኮ የጽዳት ስራ ነው» አለኝ።

የጽዳት ስራ! ቃሏ ከነከነችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ይቺን ነገር በደንብ አላስተማርኳትም ማለት ነው። የትኛውን በተን መጫን እንዳለባችሁ ነግሬያችኋለሁ። ሶፍትዌሩ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቡናውም ተፈልቷል፤ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

በሙያው ውስጥ ላልሆናችሁ ወዳጆቼ ትንሽ ላብራራ። ኮምፒዩተር ላይ የተሳለ ዕቃ፣ የውሃ ጆግ በሉት የጫማ ሶል፣ ውጫዊ ቆዳው ከብዙ ቁርጥራጭ ገጾች የተሰፋ ነው፤ ልክ ኳስ ከቁራጭ ቆዳ እንደሚሰፋ። እነዚህን ቁራጮች ነው ሰርፌስ የምንላቸው። ማሽኑ ላይ የሚሽከረከረው መቁረጫ፣ ካተሩ፣ ብረቱን እየላገ የሚሄድበት መስመር ደግሞ ቱልፓዝ ይባላል። መስመሩን የሚያሰላልን ሶፍትዌር ካም ነው። ካም አንዲት መስመር ከማስላቱ በፊት ይጠይቃል፦ የትኛውን ልቁረጥ? የትኛውን እንዳልነካ ልጠንቀቅ? የት ላይ ልቁም? ተማሪዬ «ጽዳት» ያለው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ትራቨርስ ሲቲ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። በ1940ዎቹ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ፓርሰንስ የሚባል ሰው እዚያ የሄሊኮፕተር ምላጭ ይሰራ ነበር፤ ከላይ የሚሽከረከረውን ማለቴ ነው። ምላጩን ስትቆርጡት አንድ ጎኑ ወፈር፣ ሌላው ሳሳ ያለ፣ ቀጥ ያለ መስመር የሌለው ቅርጽ ነው። ሄሊኮፕተሩን የሚሰራው ሲኮርስኪ ኩባንያ የቅርጹን 17 ነጥቦች ብቻ ይሰጠዋል። በነጥቦቹ መሃል ያለውን በከርቭ ማስመሪያ እያገናኙ መሙላት የፓርሰንስ ሰዎች ፋንታ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ተሳፍሮበት የሚበር ነገር፣ መሃሉ በዓይን ልክ ተሞልቶ።

ፓርሰንስ ፍራንክ ስቱለን የሚባል መሐንዲስ ቀጠረ። ስቱለን በቀዳዳ ካርድ የሚሰራ የአይቢኤም ማስያ ማሽን ተጠቀመ፤ ለሒሳብ ሰራተኞች ደመወዝና ሽያጭ እንዲደምር የተሰራ ማሽን። በ17ቱ ፋንታ 200 ነጥብ አሰላበት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያሰላው የቅርጹን ጠርዝ ነጥቦች ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባልደረሰ። እያንዳንዱን ነጥብ በካተሩ ግማሽ ውፍረት ወደ ውጭ ገፋው። ማለትም የዕቃው ገጽ የት እንዳለ ሳይሆን የካተሩ መሃል የት መቆም እንዳለበት አሰላ። «ገጹ ሌላ፣ መንገዱ ሌላ» እያልኩ ስጮህባችሁ የኖርኩት ይሄንኑ ነው።

ከዚያ ቁጥሮቹ በወረቀት ታትመው ወደ ወርክሾፕ ይወርዳሉ። አንድ ሰው ቆሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ የኤክስን እጀታ ያዞራል፣ ሌላው የዋይን። ተመታ፤ ቀጣይ ነጥብ፤ ተመታ። መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጥርስ ጥርስ በሞረድ ያስተካክሏታል። ይሄን ስዕል በጣም እወደዋለሁ። የዛሬው ሲኤንሲ ማሽን ሦስቱንም ሰዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባ ነው፤ የሚያነበው፣ ኤክስን የሚያዞረው፣ ዋይን የሚያዞረው። ቁጥሩን የሚያዘጋጀው አራተኛ ሰው ግን ሳጥኑ ውስጥ አልገባም።

በ1949 የአሜሪካ አየር ኃይል ለፓርሰንስ ኮንትራት ሰጠው። እሱም የሞተር መቆጣጠሪያውን ስራ ለኤምአይቲ የሰርቮ ላብራቶሪ አካፈለ። ኋላ ስራው ከእጁ እየወጣ ወደ ኤምአይቲ ሄደ፤ ያ የራሱ ረጅም ቅሬታ ያለው ታሪክ ነው፣ ልለፈው። በመስከረም 1952 ኤምአይቲ ውስጥ አንድ ትልቅ የሲንሲናቲ ሚሊንግ ማሽን በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ እየታዘዘ በሦስት አቅጣጫ ሲቆርጥ ለእንግዶች ታየ። መቆጣጠሪያው ከማሽኑ የበለጠ ቦታ ይዞ ነበር።

ማሽኑ ሰራ። ችግሩ ጥብጣቡ ነበር። እያንዳንዷን አጭር መስመር ሰው በእጁ አስልቶ፣ የካተሩን ውፍረት ጨምሮና ቀንሶ፣ በኮድ ጽፎ፣ ወረቀት ላይ መብሳት አለበት። ለጠፍጣፋ ነገር ይሁን እሺ። ለክንፍ ግን ቁጥሩን ማዘጋጀቱ ከመቁረጡ ብዙ እጥፍ ይፈጅ ነበር። ያ አራተኛው ሰው ሊሞት ነው።

እዚህ ላይ ዳግላስ ሮስ ይመጣል። በ1956 ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፣ ኤምአይቲ ውስጥ የኮምፒዩተር ቡድን እንዲመራ ተደረገ። ካድ የሚለውን ስም አወጣ የሚባለውም እሱ ነው። ሮስ ያሰበው ነገር እንዲህ ነበር፦ ሰው ለማሽኑ ነጥብ አይንገረው። ሰው ለኮምፒዩተሩ ገጾቹን ይንገረው፣ በገጾቹ መሃል እንዴት እንደሚሄድ ይንገረው፣ ነጥቦቹን ኮምፒዩተሩ ያውጣ። ቋንቋው ኤፒቲ ተባለ። ከአስር በላይ የአውሮፕላን ኩባንያዎች ፕሮግራመሮቻቸውን ሰጥተው ስራውን ተከፋፈሉት። ተፎካካሪዎች እኮ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ኮድ ይጽፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በኤፒቲ ለአንዲት እንቅስቃሴ ሦስት ገጽ ያስፈልጋል፤ ፓርት ሰርፌስ፣ ድራይቭ ሰርፌስና ቼክ ሰርፌስ።

አራት ማዕዘን የምሳ ዕቃ ከድፍን ብረት ውስጡን እየቦረቦራችሁ ነው እንበል። የካተሩ ጫፍ የሚረግጠው የምሳ ዕቃው ወለል ፓርት ሰርፌስ ነው። የካተሩ ጎን እየታከከ የሚሄድበት ግድግዳ ድራይቭ ሰርፌስ ነው። ከፊት ለፊት ያለው፣ ሲደርስበት የሚያቆመው ግድግዳ ቼክ ሰርፌስ ነው። የሚረገጥ፣ የሚመራ፣ የሚያስቆም። ከዚያ «ጎ ራይት» ትሉታላችሁ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ቅድም ያስቆመው ግድግዳ አሁን የሚመራው ይሆናል። ለዚያች እርምጃ ቼክ የነበረው ለቀጣዩዋ ድራይቭ ነው።

ክፍል ውስጥ ይሄን በታክሲ ነበር የማስረዳችሁ፣ ታስታውሱ ይሆናል። አስፋልቱ ፓርት ነው። ከለገሃር ሽቅብ የምትይዙት የቸርችል ጎዳና ጠርዝ ድራይቭ ነው። ላይ ስትደርሱ ፊት ለፊት የሚገጥማችሁ የማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ቼክ ነው። ታጠፋችሁና ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ያለውን መንገድ ያዛችሁት? በቃ፣ እሱ ድራይቭ ሆነ። ሮስም ቋንቋውን ልክ ካተሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚነዳ ሰው ነው ያደረገው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሌላው ቀርቶ አቋቋሙን እንኳ መለየት ይቻላል፦ «ቱ» ካላችሁት ቼኩን ሳያልፍ ነክቶ ይቆማል፣ «ኦን» ካላችሁት መሃሉን እሱ ላይ አድርጎ፣ «ፓስት» ካላችሁት ተሻግሮት። ይሄ እኮ የታክሲ ተሳፋሪ ቋንቋ ነው። መብራቱ ጋ ሳትደርስ፣ መብራቱ ላይ፣ መብራቱን አለፍ ብለህ። ወራጅ አለ!

በዚህ አሰራር ውስጥ አንድ ገጽ በራሱ «ፓርት» ወይም «ቼክ» አይደለም። ያው ግድግዳ ለአንዱ እርምጃ መሪ፣ ለሌላው ማቆሚያ ነው። ሚናውን የሚሰጠው ሰውየው ነው፣ በዚያች እርምጃ ምን ሊሰራ እንደፈለገ። ገጹ ራሱ ሊነግራችሁ አይችልም፤ ግድግዳ ግድግዳ ነው።

በየካቲት 25 ቀን 1959 ኤምአይቲ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ኤፒቲን አስተዋወቀ። ለመጡት እንግዶች በኤፒቲ ታዝዞ ከአሉሚኒየም የተቆረጠ የሲጋራ መተርኮሻ በማስታወሻነት ተሰጣቸው። ሮኬት አይደለም፣ ክንፍ አይደለም፤ መተርኮሻ! ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ሁሉም ያጨሳል። ፎቶዋን ሳያት ግን ሁልጊዜ የምሳ ዕቃዬ ምሳሌ ትዝ ይለኛል፤ ወለል አላት፣ ግድግዳ አላት፣ የሚያስቆም ጠርዝ አላት።

የኤፒቲ ድካም ሌላ ቦታ ነው። በስም የሚጠሩ ቅርጾችን ያውቃል፤ ጠፍጣፋ፣ ሲሊንደር፣ ኮን፣ ሉል። የመኪና ፓራፋንጎስ ምን ተብሎ ይጠራል? ስም የለውም። ያን ችግር የፈቱት የመኪና ሰሪዎቹ ናቸው፣ ፈረንሳይ ውስጥ።

ያኔ የመኪና አካል ሲሰራ መጀመሪያ በሸክላ ይቀረጻል፣ ከዚያ በስዕል ይገለበጣል፣ ከዚያ በጀሶ፣ ከዚያ በጠንካራ እንጨት ዋና ሞዴል ይሰራል። የማተሚያው ብረት የሚቆረጠው ያን እንጨት በሚዳስስ ኮፒ ማሽን ነው። በእያንዳንዱ ግልባጭ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል። ክርክር ሲነሳ ዳኛው እንጨቱ ነው፤ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ሬኖ ውስጥ ፒየር ቤዚዬ የሚባል ሰው ነበር። የሒሳብ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ የማሽን ሰው ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ የሬኖን የማምረቻ መስመር ማሽኖች የሰራ። በ1960ዎቹ ዳኛውን ከእንጨት ወደ ቁጥር አዛወረው። ጥቂት የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን ስትስቡና ስትገፉ አብሮ የሚለጠጥ ገጽ። ዩኒሰርፍ ብሎ የሰየመው ሲስተም ገጹን ይስላል፣ ወዲያው ደግሞ ለስላሳ ነገር ላይ በማሽን ይቆርጠዋል፣ ዲዛይነሩ በእጁ ዳብሶ እንዲያየው። ሲትሮየን ውስጥ ፖል ደ ካስቴልዦ ይሄንኑ ሒሳብ በ1959 ላይ ደርሶበት ነበር፤ ኩባንያው ግን በሚስጥር ያዘውና ስሙን ቤዚዬ ወሰደ። ኢሉስትሬተር ላይ የምትጎትቱት ሁሉ፣ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት የፊደል ቅርጽ ሳይቀር፣ ከዚያው ነው። የግራፊክስ ሰዎች የኛ ባለ ዕዳ ናችሁ፤ ብረት ቆራጭ ነው የሰጣችሁ።

ይሄ ግሩም ነገር አንድ መዘዝ ይዞ መጣ። አንድ ገጽ አንድ የመኪና በር አይሸፍንም። በሩ ከብዙ ቁራጭ ይሰፋል። ቁራጮቹ በሒሳብ አራት ጎን ያላቸው ናቸው፤ ክብ ቀዳዳ ካስፈለገ ገጹ ይተውና «ከዚህ መስመር ወዲያ የለም ብለህ አስብ» ይባላል፣ ይከረከማል። ስሩ ግን አለ። ኤፒቲ ሲጻፍ ፕሮግራመሩ እያንዳንዱን ገጽ ራሱ ስም እየሰጠ ነበር የሚያስገባው፤ አስር ይሁን ሃያ፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል። አሁን ሌላ ሰው፣ በሌላ ሶፍትዌር፣ ሌላ አገር የሳለው በመቶ የሚቆጠር ስም የለሽ ቁራጭ በአንዴ ይመጣል። የተማሪዬ 1,340 ከዚህ ነው የተወለደው።

አንዱ ሶፍትዌር የሳለውን ሌላው እንዲያነበው የተዘጋጀው የፋይል ደንብ አይጄስ ነው፤ በ1980 ወጣ፣ ቦይንግና ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከአሜሪካ የደረጃዎች መስሪያ ቤት ጋር ሆነው። አይጄስ ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ክፈቱት አንድ ቀን። እያንዳንዱ መስመር ልክ 80 ፊደል ነው፤ የቀዳዳ ካርድ ስፋት። ስቱለን ካርዱን ከተጠቀመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ካርዱ ራሱ ሙዚየም ሊገባ ሲል፣ ስፋቱ እዚያው ቀረ። ፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ገጽ መታወቂያ የሚሆን ክፍል አለ፤ በዚያ መታወቂያ ላይ አምስተኛዋ ሳጥን የሌቭል ቁጥር ናት። የቀለም ሳጥንም አለች። ማለትም ደንቡን የጻፉት ሰዎች ገጾቹ እንደሚበዙ አውቀው፣ «ይሄኛው የየትኛው ቡድን ነው?» የሚለውን መልስ የምትጽፉበት ቦታ ትተውልናል። የሌቭል ሐሳብ ራሱ የድሮ ነው፤ ሳሊዎች ግልጽ ፕላስቲክ ወረቀቶችን በሾሎ እያስያዙ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርቡ ነበር፤ መዋቅሩ ባንዱ፣ ቧንቧው በሌላው፣ መብራቱ በሌላው።

አብዛኛው ሰው ያቺን ሳጥን ባዶ ይተዋታል። የባሰው ደግሞ በዘፈቀደ የሞላት ነው።

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የነሳኝ ነገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ የግል ወርክሾፕ ውስጥ ሞልድ እቆርጥ ነበር። የውሃ ጆግ ሞልድ ነው። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው፣ ብረቱን በስንት መከራ ከውጭ ያስመጡ ሰው ናቸው። ፋይሉ አይጄስ ነበር። ስከፍተው ሌቭሎቹ ብዙ ናቸው፣ የማይገቡኝ መስመሮች ሞልተውበታል። እኔም «ጽዳት» ሰራሁ፤ መስመር የሞሉትን ሌቭሎች አጠፋኋቸው፣ ስክሪኑ ላይ ጆጉ ንጹህ ሆኖ ቀረ፣ ሁሉንም ምረጥ አልኩ፣ አስኪድኩት። ከጠፉት ሌቭሎች ባንዱ ላይ፣ ከመስመሮቹ ጋር ተደባልቃ፣ የጆጉ ግርጌ ላይ ያለች አንዲት ሰርፌስ ነበረች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። «ሁሉንም» ማለት የሚታየውን ሁሉ እንጂ ያለውን ሁሉ ማለት አልነበረም።

ሶፍትዌሩ ለሌለ ገጽ አይጠነቀቅም። ያቺ ቦታ ለእሱ ቀዳዳ ናት። ሻካራው ቆረጣ ላይ ካተሩ 20 ሚሊሜትር ስለነበር በቀዳዳዋ አይገባም፣ ከላይዋ አለፈ፤ ምንም ምልክት የለም። ማጠናቀቂያው ላይ 6 ሚሊሜትር ክብ ጫፍ አስገባሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ጩኸቱን ከውጭ ሰማሁት። ካተሩ ቀዳዳ መስሎት ድፍን ብረት ውስጥ 4 ሚሊሜትር ገብቶ ተሰብሯል።

ጋሼ መጡ። አዩት። «ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምፒዩተሩ ተሳስቶ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

አመኑኝ። «ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው በብየዳ አስሞሉት፣ ድጋሚ ተቆረጠ። የተበየደ ብረት ግን ሲወለወል ከጎረቤቱ እኩል አያበራም። ከዚያ ሞልድ የወጣ ጆግ ሁሉ ግርጌው ላይ ጥፍር የምታህል ደብዘዝ ያለች ምልክት አለችው። ሰው ቤት ስጋበዝ ጆግ ገልብጬ የማይበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቴ ይሄን ጠባዬን ዋጋ እያጣራሁ ይመስላታል። ሦስት ጊዜ አግኝቻታለሁ። ጋሼ አሁን በሕይወት የሉም። ያልኳቸው ነገር ውሸት እንደነበር ሳልነግራቸው ነው የሄዱት። ኮምፒዩተሩ ጠይቆኝ ነበር፤ የመለስኩለት እኔ ነኝ።

እና የኔ ልጅ «የጽዳት ስራ» ሲለኝ ያቺ ጥፍር ናት ድቅን ያለችብኝ።

ስሞቹ ኋላ ምን ሆኑ? ተበታተኑ። የ1959ኙ ሦስት ቃላት ዛሬም ሜኑ ውስጥ አሉ፣ ግን በየቤቱ ትርጉማቸው ሌላ ነው። በ1983 የተመሰረተው የማስተርካም ቤት «ድራይቭ» የሚለውን ለሚቆረጡት ሰርፌሶች ሰጠው፣ «ቼክ»ን ለማይነኩት። ያ ኤፒቲ ውስጥ ፓርት የሚባለው ነበር እኮ! ቼክም እዚያ ማቆሚያ እንጂ የተከለከለ ቦታ አልነበረም። ኤንኤክስ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ፓርት የሚቆረጠው ነው፣ ድራይቭ ግን የመንገዱ ንድፍ መጀመሪያ የሚሳልበትና ወደ ፓርቱ የሚወረወርበት ሌላ ገጽ ነው። ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ተሸጋግራችሁ ግራ የተጋባችሁ ሁሉ፣ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። አንድ ቃል ነው፣ ሦስት ቤት አድሮ ሦስት ጠባይ ይዞ የመጣ።

ፓወርሚል ከሁሉም ቀጥተኛ ይመስለኛል፤ ቡድን ለይታችሁ «ቁረጥ»፣ «እንዳትጋጭ»፣ «የለም ብለህ እለፈው» ከሚሉት አንዱን ትመርጡለታላችሁ። ማስተርካምም በቅርብ ዓመታት በብዙ ቱልፓዞቹ ላይ ድራይቭና ቼክ ማለቱን እየተወ፣ የሚቆረጡና የሚታለፉ ብሎ በቡድን ያስይዛችኋል፤ ለየቡድኑ ስም፣ ቀለምና የሚተርፍ ውፍረት ትሰጣላችሁ። ስድሳ ዓመት ፈጅቶ ወደ ግልጽ ቃል ተመለሰ። እኔ በግሌ ደስ ብሎኛል፤ ድራይቭ የሚለውን ቃል በማስረዳት የጨረስኩት ቾክ ስንት ነው።

ታዲያ ሶፍትዌሩ ራሱ ለምን አይለይም ለሚለው፦ ቅርጽን ይለያል። ቀዳዳ፣ ጎድጓዳ፣ ጠፍጣፋ ወለል፤ እነዚህን ማወቅ ከጀመረ ቆይቷል፣ እየጎበዘም ነው። ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ነገር ግን ከየት ያምጣው? ሞልዱ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ገጽ ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንዱ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች የሚገጥሙበት ነው፤ ትንሽ ቢተርፍበት ሞልዱ አይዘጋም፣ ትንሽ ቢጎድልበት ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይፈሳል። ሌላው ሦስት አስረኛ ሚሊሜትር ተርፎበት በኋላ በእጅ የሚወለወል ነው። በሒሳብ ሁለቱም ያው ጠፍጣፋ ናቸው። የሚለያዩት አንተ ነገ ልታደርግባቸው ባሰብከው ነገር ነው።

ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት እንዲህ ነው። በመልካቸው አትክፈላቸው። «ክብ ክቡን እዚህ፣ ጠፍጣፋውን እዚያ» አትበል። ለእያንዳንዱ ሰርፌስ ሦስቱን ጠይቅ፤ ትቆረጣለህ? በስንት ትርፍ? ወይስ ካተሩ አጠገብህ እንዳይደርስ ነው? ግማሾቹ የሚገጥሙባቸውን ለብቻ፣ ትርፍ ዜሮ። የዕቃው መልክ የሚታይባቸውን ለብቻ። ፊሌቶቹን በሬዲየሳቸው ለይ፣ የሚቆርጣቸውን ካተር የሚወስነው እሱ ነውና። የብሎን ቀዳዳዎቹን አፍ በጊዜያዊ ሰርፌስ ድፈን፣ ካተሩ እንዳይወድቅባቸው፤ ድፋኖቹንም በራሳቸው ሌቭል አስቀምጥ፣ ኋላ እውነተኛ ገጽ እንዳይመስሉህ። ክላምፑንና ሞርሳውን ሳል፣ ቀይ አድርጋቸው። አቅጣጫቸው የተገለበጠ ካሉ ገልብጥ፣ አለዚያ ካተሩ ከስር ልምጣ ይልሃል። ከሁሉም በፊት ግን፣ ምንም ሳትደብቅ፣ ሁሉንም ሌቭል አብርተህ ሰርፌሶቹን ቁጠር። ስትጨርስ የቡድኖቹን ድምር ቁጠር። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ማሽኑ ጋ አትሂድ።

«ቲቸር፣ መቁጠር?» አለኝ እየሳቀ።

መቁጠር።

ትናንት ማታ መልሶ ላከልኝ። ስምንት ቡድን አድርጎታል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ሞርሳው ቀይ ነው። ደምሬዋለሁ፤ 1,339 ነው። እስካሁን አልነገርኩትም፣ ራሱ ያግኛት ብዬ። እስከ ምሳ ሰዓት ካልደወለ ግን እደውልለታለሁ።